የቁም ሳጥኑ በር ሲከፈት፦ የድሮ የሬዲዮ ቤተሰብ ኮሜዲ ለምን ዛሬም ያስቃል?

ቁምሳጥን79

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ። አንድ ሰውዬ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ቁም ሳጥን ሊከፍት ነው። ሚስቱ «ተው!» ትለዋለች። አይሰማም። በሩ ሲጥጥ ይላል። መጀመሪያ አንድ ዕቃ ዱብ። ከዚያ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያማ ጣሪያው የተናደ ነው የሚመስለው። ቆርቆሮው ይንከባለላል፣ ጠርሙሱ ይንኳኳል፣ ምኑ ቅጡ። በመጨረሻ ጸጥ። «በቃ አለቀ» ብላችሁ ስትተነፍሱ፣ አንዲት ትንሽዬ ደወል ቅጭል ትላለች። ሰውየውም «ይህን ቁም ሳጥን ከነዚህ ቀናት ባንዱ ማስተካከል አለብኝ» ይላል።

አላስተካከለውም። ስንት ዓመት አለፈ፣ አላስተካከለውም።

የማወራችሁ ስለ «ፊበር መጊ ኤንድ ሞሊ» ነው። በ1935 አሜሪካ ውስጥ በኤንቢሲ ሬዲዮ የጀመረ የባልና ሚስት ኮሜዲ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ተዋናዮቹ ጂም ጆርዳንና ማሪያን ጆርዳን የእውነትም ባልና ሚስት ነበሩ፤ የፒዮሪያ፣ ኢሊኖይ ሰዎች። በተውኔቱ ቤታቸው ዊስትፉል ቪስታ 79 ቁጥር ነው። ስሜ ላይ ያለው 79 ምንድን ነው እያላችሁ ለምትጠይቁኝ መልሱ ይኸው።

ሰሞኑን ማታ ማታ አንድ አንድ ክፍል እሰማለሁ። ቀልዱ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል። መቼ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ባልየው እንደማይሰማ አውቃለሁ። ታዲያ ምን ያስቀኛል? እኔ እንደሚመስለኝ የሚያስቀው የሚወድቀው ዕቃ አይደለም። ከደወሏ በፊት ያለችው ጸጥታ ናት። እናንተስ?

ጥያቄ_አብዢ

ወንድሜ፣ ቅር አይበልህና እኔ ሞክሬው አልሳቅኩም። አንዱን ክፍል ከፈትኩ። ሰው በየደቂቃው በር ያንኳኳል፣ ገብቶ አንድ ቀልድ ይወረውራል፣ ይወጣል። መሀል ላይ ደግሞ አንዱ መጥቶ ስለ ወለል ሰም ያወራል። የምን ሰም ነው? ኮሜዲ ነው ማስታወቂያ?

ቁምሳጥን79

ሁለቱም! ስፖንሰሩ ጆንሰን ዋክስ የሚባል የሰም ኩባንያ ነበር (ዋክስ ማለት ሰም ነው)። ያ የሰማኸው ሰውዬ አስተዋዋቂው ሃርሎ ዊልኮክስ ነው። እንደ ቤተ ዘመድ በር አንኳኩቶ ይገባል፣ ስለ አየሩም ስለ ምኑም ይጫወታል፣ ከዚያ ወሬውን ጠምዝዞ ሰም ላይ ያደርሰዋል። ፊበር ወሬው ወዴት እንደሚሄድ ገና ከጅምሩ ስለሚያውቅ ይማረራል፤ «ዋክሲ» እያለ ነው የሚጠራው። ስልኬ ላይ ቪዲዮ ቆርጦ ከሚገባብኝ ማስታወቂያ የሱን ሰም እመርጣለሁ።

ድምፅ_ሠራተኛ

እኔ እንጀራዬ ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ዝም ብዬ አላልፍም።

ያ ቁም ሳጥን መጀመሪያ የተከፈተው ማርች 5 ቀን 1940 ነው። ያን ቀን የከፈተችው ሞሊ ናት። መዝገበ ቃላት ፈልጋ ከፈተችው፣ ዕቃው ሁሉ ላይዋ ላይ ወረደ። ፊበር ምን ቢል ጥሩ ነው? ዕቃዬን ልክ እንደምፈልገው አድርጌ ነበር እኮ ያስቀመጥኩት! ከዚያ ግማሹ ሰዓት ዕቃ በማውጣትና በመመለስ ያልቃል። የፎቶ አልበም አለ፣ የዛገ የፈረስ ጫማ አለ። መጨረሻውን አልነግራችሁም።

ስቱዲዮ ውስጥ ቁም ሳጥን የሚባል ነገር የለም። የድምፅ ባለሙያው የእውነት ዕቃ ደርድሮ ይንደዋል። ትልቁ ጥበብ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ትንሽ፣ ቀጥሎ ጎርፍ፣ ቀጥሎ ጸጥታ፣ መጨረሻ ደወሏ። ሌላው ጥበብ ቁጠባ ነው። በየሳምንቱ አይከፈትም ነበር። መቼ እንደሚመጣ ሰው እንዳይለምደው ይጠነቀቁ ነበር።

ደግሞ ሥራው በቀጥታ ስርጭት ነው። ዕቃው ቀድሞ ቢወድቅ «ይቅርታ፣ እንደገና» የለም። በዚያ ዘመን ብዙ ትላልቅ ፕሮግራሞች በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ ይሠሩ ነበር፤ አንዴ ለምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ለምዕራቡ። ያን ሁሉ ዕቃ መልሶ መደርደርን አስቡት። እሳት ከፈለጉ ሴሎፎን ይጨብጣሉ። በረዶ ላይ የሚራመድ ሰው ከፈለጉ የበቆሎ ስታርች ዱቄት ይጫናሉ። እኔ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ሺህ ዓይነት የእሳት ድምፅ አለኝ። ከሴሎፎኑ የሚሻል ስፈልግ ግማሽ ቀን አጥፍቼ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን ከቁምሳጥን79 ጋር አልስማማም። የሚያስቀው ጸጥታዋ ብቻ አይደለችም። ታዳሚው ነው። ስቱዲዮው ውስጥ የእውነት ሰው ቁጭ ብሎ ይስቃል። ያን ሳቅ ብታወጣው ቀልዱ ግማሽ ይሆናል።

ሌሊት_ተረኛ

ድምፅ_ሠራተኛ፣ እንግዲያው «ቪክ ኤንድ ሴድ»ን ስማ። ታዳሚ የለም። ሳቅ የለም። ሙዚቃ እንኳን ከመግቢያና ከመውጫው በቀር የለም። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ ያሳቀኝ ነገር የለም።

ሥራዬ የሌሊት ተረኝነት ነው። ከለሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ይተኛል፤ እኔና ግድግዳው እንቀራለን። አንድ ጊዜ ማዳመጫ አንድ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ስሰማ ሳቄ አምልጦኝ አለቃዬ ቢሮውን ከፍቶ ወጣ። «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? አንዲት ሴት ለባልዋ ስለ ጓደኛዋ ታወራለች፣ ባልየው ጋዜጣ ያነባል፣ ልጁ በመሀል ይገባል። አለቀ። ይህ እንዴት ይነገራል?

ጸሐፊው ፖል ራይመር ይባላል። ከ1932 ጀምሮ በቀን አስራ አምስት አስራ አምስት ደቂቃ ከቺካጎ ይተላለፍ ነበር። ለብዙ ዓመታት ሦስት ድምፅ ብቻ ነበረው፦ ቪክ፣ ሚስቱ ሴድ፣ የሚያሳድጉት ልጅ ረሽ። አጎት ፍሌቸር የመጣው በኋላ ነው። ቪክ የወጥ ቤት ዕቃ ፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ያውም የ14 ቁጥር ፋብሪካ። ለምን 14? ሌሎቹ 13ቱ የት ናቸው? ማንም አይነግርህም።

ሰፈሩን ግን ሦስቱ ሰዎች በወሬ ብቻ ይሞሉታል። ሮበርት ሂንክና ስሎበርት ሂንክ የሚባሉ መንትዮች አሉ። ሪሺጋን ፊሺጋን የሚባል ሰው አለ፤ አገሩ ሲሺጋን፣ ሚሺጋን። ይህን ስም ሁልጊዜ ሙሉውን፣ ቀጥ ባለ ድምፅ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ነው የሚጠሩት። እነዚህ ሰዎች ብቅ አይሉም። እኔ ግን አውቃቸዋለሁ። መንትዮቹ መንገድ ላይ ቢገጥሙኝ ሰላም እላቸዋለሁ።

ቁምሳጥን79

አየሽ! እኔም የምለው ይኸንኑ ነው። ፊበርም ቤት ሚርት አለች፤ የስልክ ኦፕሬተሯ። ፊበር ስልኩን ያነሳና «አንቺ ነሽ ሚርት?» ብሎ ወሬ ይጀምራል። ወንድሟ ምን ሆነ፣ አጎቷ ምን ሆነ፣ ሞሊ በድንጋጤ «ውይ ምስኪን!» ትላለች፣ በኋላ ነገሩ ሁሉ የቃላት ጨዋታ ሆኖ ይገኛል። የሚርት ድምፅ ግን አይሰማም። እኛ የምንሰማው የፊበርን ግማሽ ብቻ ነው።

የቤት_እመቤት_አይደለሁም

ጨዋታችሁን ላለማበላሸት ስንት ጊዜ ዝም ልበል? እስቲ ደግሞ እኔ ልናገር።

ብዙዎቹን ሰምቻቸዋለሁ፤ እወዳቸዋለሁም። ግን አንድ ወጥ ነገር አላቸው። ባል ይቃዣል፣ ሚስት ትታገሳለች፣ ጎረቤት ይስቃል። ቁም ሳጥኑን ማን መልሶ እንደሚደረድረው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ድምፅ_ሠራተኛ፣ አንተ ስለ ታዳሚው ሳቅ አነሳህ። ጥሩ። በዚያው «ፊበር መጊ» ላይ በ1944 ቡላ የምትባል ጥቁር የቤት ሠራተኛ መጣች። ድምፅዋን የሠራው ማርሊን ኸርት የሚባል ነጭ ወንድ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ለታዳሚው ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ተራው ሲደርስ ዞር ብሎ በዚያ ድምፅ ሲናገር ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ቤቱ ሆኖ ሬዲዮ የሚሰማው ሰው ይህን አያይም። የሚሰማው ሳቁን ብቻ ነው። አሁን ያን ሳቅ ስሰማ ምን ላድርገው? አብሬ አልስቅም።

ሰውየው በ1946 ሞተ። በ1947 ቡላን ሃቲ ማክዳንኤል ተረከበችው። ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተዋናይ ናት። ቢያንስ ድምፁ ወደ ጥቁር ሴት መጣ። የቤት ሠራተኛነቷ ግን ያው።

በሌላ በኩል ደግሞ ገርትሩድ በርግ አለች። እስካሁን ስሟን አለማንሳታችሁ ራሱ ይገርመኛል። «ዘ ጎልድበርግስ»ን በኖቬምበር 1929 ጀመረችው፤ የአክሲዮን ገበያው በተንኮታኮተ በሳምንታት ውስጥ። በኒውዮርክ፣ ብሮንክስ የሚኖር የአይሁድ ቤተሰብ ነው። ራሷ ጻፈችው፣ ራሷ እናትየውን ሞሊን ሆና ተጫወተችው። በሺህ የሚቆጠር ክፍል በእጇ ጽፋለች። ሞሊ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ዩ-ሁ!» ብላ ጎረቤቷን ስትጠራ እኔ ሕንፃውን አየዋለሁ።

ደግሞ ሁሉም ሳቅ አይደለም። በ1939 የፋሲካቸው ራት ላይ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ በመስኮት ድንጋይ ይወረወርባቸዋል። ይህ የሆነው ጀርመን ውስጥ የአይሁድ ሱቆችና ምኩራቦች ከተሰባበሩ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ኮሜዲ ብሎ ሬዲዮውን የከፈተ ሰው መስታወት ሲሰበር ሰማ። ከዚያ ቁም ሳጥን ድምፅ ብዙም አይለይም። ያው ድምፅ ነው እኮ! የሆነ ነገር ተሰበረ። ልዩነቱን የምታውቀው ከዚያ በፊት ባሉት አስር ዓመታት ቤቱን ስለለመድከው ነው።

ድምፅ_ሠራተኛ

እህቴ፣ የቡላን ነገር አላውቅም ነበር። ስለ ታዳሚው የጻፍኩትን አልሰርዘውም፤ ግን ካሁን በኋላ ሳቅ ስሰማ «ምን እያዩ ነው?» ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም።

ሌሊት_ተረኛ፣ አንቺም ረታሽኝ። «ቪክ ኤንድ ሴድ»ን ሦስት ክፍል ሰማሁ። ሁለተኛው ላይ አልሳቅኩም፤ ሦስተኛው ላይ ስለ ሁለተኛው ሳቅኩ።

የቃል_ነጋዴ

በሥራዬ አስተርጓሚ ነኝ። «ኢዚ ኤስስ» የሚባለውን ልተረጉም ሞክሬ እጄን ሰጥቻለሁ።

ጉድማን ኤስና ሚስቱ ጄን ናቸው። አጀማመሩ ራሱ ቀልድ ነው። ጉድማን ካንሳስ ሲቲ ውስጥ በአንድ ጣቢያ ስለ ፊልም የሚያወራበት አጭር ሰዓት ነበረው። አንድ ምሽት ከሱ ቀጥሎ የሚገባው ቀረ። ጄን እዚያው ነበረች። ማይኩ ፊት አስቀመጣትና ስለ ካርታ ጨዋታ እየተነታረኩ ሰዓቱን ሞሉት። ከዚያ ንትርክ ከ1930 እስከ 1945 የዘለቀ ፕሮግራም ወጣ።

የጄን ቀልድ አባባል ማበላሸት ነው። ሰው «ጊዜ ቁስልን ሁሉ ይፈውሳል» ሲል እሷ ሁለቱን ቃላት አገለባብጣ «ጊዜ ተረከዝን ሁሉ ያቆስላል» ትላለች። በእንግሊዝኛው ተረከዝ የሚለው ቃል ባለጌ ሰውንም ስለሚጠራ፣ የተሳሳተችው ሴት እውነት ተናግራ ቁጭ! በአማርኛ ቃል በቃል ስታመጣው ግን ጫማ የላጠው ሰው እሮሮ ነው የሚመስለው።

ስለዚህ ተርጓሚነቱን ትቼ ጄን አማርኛ ብትናገር ምን ትል ነበር ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያሳድር» የምትል ይመስለኛል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሰበራል» ትላለች። «የብብቷን አወርድ ብላ የቆጡን ጣለች» ትላለች። ባልየው በረጅሙ ይተነፍሳል። እሷ ምን እንዳጠፋች አይገባትም። እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ፤ ጄን ስትናገር ቀልድ እያወራች መሆኗን የምታውቅ አትመስልም። ሳቅ ብትል ያበቃለታል።

ግሬሲ አለንም እንደዚያው ናት። እሷና ጆርጅ በርንስ ለዓመታት ሬዲዮ ላይ ገና የሚሽኮረመሙ ጓደኛሞች ሆነው ነበር የሚቀርቡት፤ በእውነተኛው ሕይወት ግን ከተጋቡ ቆይተዋል። አድማጩ እየሸሸ መጣ። በ1941 ነገሩን ትተው ባልና ሚስት ሆነው ቀረቡ፤ ፕሮግራሙም አገገመ። ያው ቀልድ፣ ያው ሁለት ሰው። ቤት ሲገቡ ግን ትርጉም አገኘ። መንገድ ላይ የምታገኛት ሴት እንደ ግሬሲ ብታወራ ትሸሻለህ። ሚስትህ ከሆነች የት ትሄዳለህ?

ሌሊት_ተረኛ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያሳድር» 😂 ዛሬም አለቃዬ ወጣ።

ጥያቄ_አብዢ

እሺ፣ ተሸነፍኩ እያልኩ አይደለም። ግን አንድ ነገር አስረዱኝ። ይህ ሁሉ ጥሩ ከሆነ ቴሌቪዥን ሲመጣ ለምን ሞተ? ማየት ከመስማት አይሻልም?

ቁምሳጥን79

ቁም ሳጥኑን ማሳየት ሞክረዋል። በ1959 «ፊበር መጊ» በሌሎች ተዋናዮች በቴሌቪዥን ቀረበ። ጥቂት ወራት እንኳ በቅጡ ሳይቆይ ተነሳ። ሬዲዮ ላይ ከዚያ በር ያልወጣ ነገር የለም። ቴሌቪዥን ላይ የሚወጣው ቁም ሳጥኑ የቻለው ያህል ነው።

የቤት_እመቤት_አይደለሁም

ተቃራኒውም እውነት ነው፤ አታድላ። ሉሲል ቦል ከ1948 እስከ 1951 በሲቢኤስ «ማይ ፌቨሪት ኸዝበንድ» የሚል የሬዲዮ ኮሜዲ ነበራት። ነገረኛ ሚስት፣ የባንክ ሠራተኛ ባል። ጸሐፊዎቹ ጄስ ኦፐንሃይመር፣ ማድሊን ፒዩና ቦብ ካሮል ናቸው። እነዚሁ ሰዎች ናቸው በ1951 ወደ ቴሌቪዥን ሄደው «አይ ላቭ ሉሲ»ን የሠሩት። ለሷ ሬዲዮ ጠባብ ልብስ ነበር። ቅጂውን ስትሰሙ አንዳንዴ ምንም ሳይባል ታዳሚው ይንፈራፈራል። ፊቷን እያዩ ነው። እኛ የምንቀረው በር ላይ ነው።

ሁሉም ቀልድ የራሱ ቤት አለው።

ዝም_ባይ

ለሁለት ዓመት እያነበብኩ ዝም ብዬ ነበር። ዛሬ ግን ስለ ጸጥታ ስታወሩ አላስቻለኝም።

ወደ እንግሊዝ ልውሰዳችሁ። ቢቢሲ፣ «ሃንኮክስ ሃፍ አወር»፣ ሬዲዮው ላይ ከ1954 እስከ 1959። ጸሐፊዎቹ ሬይ ጋልተንና አላን ሲምፕሰን። በ1958 የቀረበ አንድ ክፍል አለ፤ እሑድ ከሰዓት ነው፣ ዝናብ ነው፣ አራት ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጧል። የሚሠራ ነገር የለም። ሃንኮክ ያቃስታል። ሰዓቱን ይጠይቃል። ዝም ይላሉ። እንደገና ያቃስታል። አንዱ የግድግዳ ወረቀቱ ላይ ካለው ስዕል ውስጥ የሰው ፊት ይፈልጋል።

ሬዲዮ ላይ ዝምታ ማለት እኮ ጣቢያው ተቋረጠ ማለት ነው። እነሱ ደጋግመው ዝም አሉ። ታዳሚው መጀመሪያ ግራ ይገባዋል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ባልና ሚስት የለም፣ ልጅ የለም። ግን ከሰማኋቸው ሁሉ ቤት የሚመስለው ይህ ነው። ቤት ማለት ግማሹ መሰላቸት አይደል?

ቁምሳጥን79፣ ስለ ጸጥታዋ ልክ ነህ። ደወሏ ግን ቸኩላለች።

ቁምሳጥን79

ጋሼ ዝም ባይ፣ ሁለት ዓመት ዝም ብለህ የመጣህበት ፖስት ይህ ከሆነ ሌላ ሁለት ዓመት እጠብቃለሁ።

ጥያቄ_አብዢ

ቅጂዎቹ ግን እንዴት ተረፉ? በቀጥታ ይተላለፉ ከነበር?

ድምፅ_ሠራተኛ

ትላልቅ ዲስኮች ላይ ይቀዱ ነበር፤ ስፋታቸው 16 ኢንች። በጦርነቱ ጊዜ አሉሚኒየም ስለተፈለገ ዲስኩ ከመስታወት ይሠራ ነበር። አንዱ ከእጅ ካመለጠ አንድ ምሽት ሙሉ ሳቅ ወለል ላይ ተበተነ ማለት ነው። የአሜሪካ ጦር ሬዲዮ ደግሞ ፕሮግራሞቹን ማስታወቂያቸውን እየቆረጠ በዲስክ ለወታደሮች ይልክ ነበር። ዛሬ ከምንሰማቸው ብዙዎቹ በዚያ መንገድ የተረፉ ናቸው። የሰሙ ሰውዬ አንዳንዴ የማይመጣውም ለዚህ ነው። «ቪክ ኤንድ ሴድ» ግን አብዛኛው ጠፍቷል። ጽሑፉ አለ፣ ድምፁ የለም።

ሌሊት_ተረኛ

ስለዚህ እነሱም እንደ ሪሺጋን ፊሺጋን ሆኑ።

ጥያቄ_አብዢ

እሺ። ትናንት ማታ ያን የ1940ውን ክፍል ሰማሁት። የመዝገበ ቃላቱን።

መጀመሪያ ሞሊ ከፈተች፣ ወረደባት፣ ፈገግ አልኩ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ከዚያ ዕቃውን ያወጣሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ይጨቃጨቃሉ። እያንዳንዱ ዕቃ ታሪክ አለው፤ ምንም አይጣልም። እንደገና ደርድረው ዘጉት። ተነፈስኩ። ከዚያ ፊበር ትዝ አለው፤ መዝገበ ቃላቱንም አብረው ከተውታል።

በሩን ሳይነካው ሳቅኩ። ገና እየተራመደ ነበር።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሚርት። ድምፅዋ ስለማይሰማ እኔ የአክስቴን ድምፅ ሰጥቻታለሁ፤ ስልክ ስታነሳ ሰላምታዋ ብቻ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ችግር አለው?

ቁምሳጥን79

የለውም። የእኔዋ ሚርት የጎረቤታችን ድምፅ ነው ያላት፤ ታስነጥሳለች።